ነጻው እግር የቱ ነው?

ስሙኝማ እናንተዬ! ቴኳንዶ ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በአየር ተወርውሮ ራስ የሚነካው እግር ነው። ጣውላ የሚሰብረው፣ ዞሮ የሚመታው፣ ዘሎ የሚራገጠው። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳችኝ ግን እግሩ ከመነሳቱ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። ሰውየው ገና ምንም ሳያደርግ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ፣ የሚቀጥለው እንቅስቃሴ ግማሹ አልቋል። አቋቋሙ ወስኖታል! እንዴት እንደሚወስነው ገብቶኛልና አሁኑኑ ልንገራችሁ። የስፖርት ዕውቀት አያስፈልግም፤ ሁለት እግርና አንድ ግድግዳ ይበቃል።

በሉ ተነሱ። ቀኝ ጎናችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ቁሙ። የቀኝ እግራችሁ የውጭ ጠርዝ ግድግዳውን ይንካ፤ ቀኝ ዳሌያችሁና ቀኝ ትከሻችሁም ይለጠፉበት። ተለጠፋችሁ? እንግዲህ ግራ እግራችሁን ከመሬት አንሱና እንደተነሳ አቆዩት።

እምቢ አለ አይደል! ኧረ ደግማችሁ ሞክሩ። ጉልበት ቢኖራችሁ፣ ሯጭ ብትሆኑ፣ ለውጥ የለውም። ወይ እግሩ አይነሳም፣ ወይ ከግድግዳው ተገፍታችሁ ወደ ግራ ትወድቃላችሁ። አሁን ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ብላችሁ ያንኑ እግር አንሱ። ያለምንም ችግር ይነሳል። ያው እግር፣ ያው ሰውነት! ታዲያ ግድግዳው ምን ከለከለን?

ጀበናን አስቡ። መቀመጫዋ ድቡልቡል ስለሆነ ባዶ መሬት ላይ አትቆምም፤ ማቶቷ ላይ ስትቀመጥ ግን ቀጥ ትላለች። ትንሽ ብታዘነብል እንኳ የሆዷ ክብደት ከማቶቱ ክብ እስካልወጣ ድረስ ተመልሳ ትቀመጣለች። ክብደቱ የማቶቱን ጠርዝ ያለፈ ጊዜ ግን አለቀ፣ ቡናው ምንጣፉ ላይ ነው። የእኛም ማቶት እግራችን ነው፤ ሁለቱ መርገጫዎቻችንና በመካከላቸው የታጠረው መሬት። የሰውነታችን ክብደት መሃሉ ደግሞ ቀጥ ብለን ስንቆም ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ለማሳጠር ሆድ እያልኩ ልጥራው። ሆዳችን ከማቶታችን በላይ እስካለ ድረስ ቆመናል፤ ከወጣ ወድቀናል።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ግራ እግር በተነሳ ቅጽበት ማቶታችን ጠብቦ ቀኝ መርገጫችን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሆዳችን ቀድሞ ወደ ቀኝ መሄድና ከቀኝ እግር በላይ መድረስ ነበረበት። ግድግዳው መንገዱን ዘጋበት! በደህናው ቀን ይህንን ጉዞ አናየውም፤ ደረጃ ስንወጣ፣ ጫማ ስናወልቅ፣ መንገድ ስንሻገር ሆዳችን ሳንጠይቀው ወደሚቀረው እግር ይሄድልናል። ለካ እግር የሚነሳው ሆድ ሲፈቅድለት ነው። ይህችን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የእሷ ልጅ ነው።

ትንሽ ስለ ስፖርቱ። ቴኳንዶ የሚለው ስም ኮሪያ ውስጥ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ አይ ቲ ኤፍን መሠረቱ፤ በ1973 ደግሞ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የምንለው ሌላኛው ማኅበር ሴኡል ላይ ተቋቋመ። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው የኋለኛውን ነው። እኛም አገር የሁለቱም ክለቦች አሉ። ልኬቶቻቸው ስለሚለያዩ እኔ የምነግራችሁ የአይ ቲ ኤፍን ነው፤ በሴንቲ ሜትርና በዲግሪ ቁልጭ አድርገው ስላስቀመጡት ለእንደኔ ዓይነቱ ጠያቂ ይመቻል።

በመጀመሪያዋ፣ በአኑን ሶጊ እንጀምር፤ የመቀመጥ አቋቋም ናት። እግራችሁን ወደ ጎን ክፈቱ። ምን ያህል? የትከሻችሁን ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ። ልብ በሉ፣ ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር አልተሰጠም፤ መለኪያው የራሳችሁ ትከሻ ነው! ትከሻው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 60 ይከፍታል፣ 30 የሆነ ልጅ 45 ይከፍታል። ሜትሩን ተሸክመነው ነው የምንዞረው። የእግር ጣቶች ወደ ፊት ያያሉ፤ ጉልበት ከጣቶቹ ሥር ካለው የመርገጫ ክፍል በላይ እስኪደርስ ይታጠፋል፤ ወገብ ቀጥ ይላል። ክብደት ለሁለቱም እግር እኩል።

አሁን ጓደኛችሁን ጥሩና ከጎን ትከሻችሁን ይግፋ። ንቅንቅ የለም! ማቶቱ ወደ ጎን ሰፊ ነዋ፤ ጉልበት በመታጠፉም ሆድ ወደ መሬት ቀርቧል፣ ዝቅ ያለ ሆድ ከጠርዙ ለመውጣት ብዙ ማዘንበል ይፈልጋል። ቀጥሎ ጓደኛችሁ ፊት ለፊት ይቁምና በሁለት ጣት ብቻ ደረታችሁን ቀስ ብሎ ይግፋ። ወይ ጉድ! ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ቅድም በሙሉ ክንድ ተገፍቶ ያልተነቃነቀው ሰው በሁለት ጣት ተነሳ። ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ማቶቱ ከአንድ መርገጫ ርዝመት አይበልጥም፤ በዚያ በኩል ከተራ መቆም የተሻለ አልሆነም።

ስለዚህ በሁሉም በኩል ጠንካራ የሆነ አቋቋም የለም። አንዱን በር ስትዘጉ ሌላው ይከፈታል። የአቋቋሞች መብዛት ያሰለቸው ጀማሪ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ አቋቋም ከአንድ አቅጣጫ ለሚመጣ ነገር የተሰናዳ ነው።

ከፊት ለሚመጣው ጉኑን ሶጊ አለ፤ የመራመድ አቋቋም። አንድ እግር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከአውራ ጣት እስከ አውራ ጣት ርዝመቱ አሁንም አንድ ተኩል ትከሻ ነው። የፊት ጉልበት ከተረከዝ ጋር ቀጥ ያለ መስመር እስኪሠራ ይታጠፋል። የኋላው እግር ሙሉ ለሙሉ ይዘረጋል፣ ተረከዙ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ 25 ዲግሪ ያህል ይዞራሉ። ክብደት ሃምሳ በሃምሳ። ወርዱስ? እዚህ ላይ ነው ጀማሪ ሁሉ የሚንገዳገደው። የኋላው እግር ልክ ከፊተኛው ጀርባ፣ በአንድ መስመር ላይ እንዲቆም አይፈለግም፤ በሁለቱ መካከል ወደ ጎን አንድ ሙሉ የትከሻ ስፋት መኖር አለበት። ካላመናችሁ ሁለቱንም እግር ወለሉ ላይ ባለ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አድርጉና ጓደኛችሁ በትንሹ ከጎን ይግፋችሁ። ማቶቱ ገመድ ሆኗል! ወርዱን መልሱለት፣ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ።

የፊተኛው ቅልጥም ቀጥ ማለቱም የራሱ ምክንያት አለው። ጉልበት ከተረከዝ በላይ ሲሆን ክብደቱ በአጥንቱ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል። ጉልበቱን ከጣቶቻችሁ በላይ አሳልፋችሁ ጥቂት ብትቆዩ የጭን ጡንቻ እሳት ይሆናል፤ አጥንት የተወውን ሥራ ጡንቻ ተረክቦ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሆድ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ሃምሳ በሃምሳው ይፈርሳል።

የኋላው እግር ለምን እንደሚዘረጋ ደግሞ ያው ግድግዳ ይመስክር። ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩና በሁለት እጅ በኀይል ግፉ። ግድግዳው ንቅንቅ አይልም፣ እናንተ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ለካ ስንገፋ እኩል እየተገፋን ነው! አሁን ጉኑን ሶጊ ቁሙና ግፉ። የትም አትሄዱም። የሚመለሰው ግፊት ከእጅ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ በተዘረጋው እግር አድርጎ ተረከዝ ጋ ይደርስና መሬት ይቀበለዋል። ጉልበቱን ትንሽ ብታጥፉት ግፊቱ እዚያው እጥፋቱ ላይ ያልቃል፤ ተረከዙን ብታነሱት ቁርጭምጭሚት ላይ። ቡጢ የሚሰነዝር ሰው አሰልጣኙ «ተረከዝ! ተረከዝ!» እያለ የሚጮህበት ለዚህ ነው። እጁን እያየን ነው፣ ጉዳዩ ግን መሬት ላይ ነው!

አሁን ወደምወዳት መጣሁ፤ ኒውንጃ ሶጊ ትባላለች፣ የኤል አቋቋም። ቀስ ብለን እንሥራት። የኋላ እግር ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል፣ የፊተኛው ወደ ፊት ያያል፣ ሁለቱ ተያይተው የኤል ቅርጽ ሊሠሩ ምንም አይቀራቸውም። ሊሠሩ አይቀራቸውም ያልኩት ሁለቱም ጣታቸውን 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ስለሚያዞሩ ነው። ርዝመቱ ከኋላው እግር የውጭ ጠርዝ እስከ ፊተኛው ጣት አንድ ተኩል ትከሻ። የኋላው ጉልበት ከጣቶቹ በላይ እስኪደርስ ይታጠፋል፣ የፊተኛውም በመጠኑ። ሰውነት ጎኑን ለተቃራኒው ይሰጣል፤ ደረትና ሆድ ተሸሸጉ ማለት ነው። ክብደቱ ግን እኩል አይደለም፦ 70 ከመቶ ኋላ፣ 30 ከመቶ ፊት።

ሰባ ሠላሳ! ይህች ቁጥር ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ የምትሸመደድ ቁጥር ትመስለኝ ነበር። ቤት ውስጥ የሰውነት ሚዛን ካላችሁ አምጡና የኋላ እግራችሁን በእሱ ላይ፣ የፊተኛውን በተመሳሳይ ከፍታ መጽሐፍ ላይ አድርጋችሁ ቁሙ። 60 ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነ ሚዛኑ 42 አካባቢ እስኪል ወደ ኋላ ተቀመጡ። ፊት እግራችሁ ላይ የቀረው 18 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ ወገባችሁን ብዙ ሳታወዛውዙ ያንን የፊት እግር አንሱት።

ብድግ! አያችሁ? ማንም ሳያውቅበት ተነሳ።

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር ፍንትው ያለልኝ። የግድግዳውን ሕግ አስታውሱ፦ እግር እንዲነሳ ሆድ ቀድሞ ወደሚቀረው እግር መድረስ አለበት። ጉኑን ሶጊ ላይ ሆዳችን መካከል ነው። የፊቱን እግር ለማንሳት ሆድ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን መንገድ ግማሹን ወደ ኋላ መጓዝ አለበት። ያ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ይታያል፤ ተቃራኒው ወገባችሁ ሲሸሽ አይቶ «ርግጫ መጣ» ይላል። ኒውንጃ ሶጊ ላይ ግን ሆድ አስቀድሞ ኋላ ተቀምጧል። የቀረው ጉዞ ሲሶ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው መንገድ ከጠቡ በፊት፣ በእርጋታ፣ ማንም ሳይጠረጥር ተሄዷል! ሰባ ሠላሳ ማለት «የፊት እግሬ ተዘጋጅቷል» ማለት ነው።

ተቃራኒውንም አስቡት። በዚሁ አቋቋም የኋላውን እግር ላንሳ የሚል ሰው ሆዱን ሰባ ከመቶውን መንገድ ወደ ፊት ማምጣት አለበት። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ርግጫ ብርቱ ቢሆንም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቆሞ ያለን ሰው አይታችሁ የትኛው እግሩ ፈጥኖ እንደሚመጣና የትኛው እንደሚዘገይ መናገር ትችላላችሁ ማለት ነው፤ ያውም ገና ምንም ሳያደርግ!

ይህ ከገባችሁ በኋላ የተቀሩት አቋቋሞች ለብቻቸው የሚጠኑ አይሆኑም። የመቀመጥና የመራመድ አቋቋም ላይ ክብደቱ ሃምሳ በሃምሳ ነው። ኤሏ ላይ ሰባው ኋላ ሄደ። አይ ቲ ኤፎች የኋላ እግር አቋቋም የሚሏት አለች፤ እዚያ ክብደቱ አብዛኛው ኋላ ገብቶ የፊት እግር በጣቶቹ ሥር ብቻ መሬቱን ይነካል። ወርልድ ቴኳንዶዎች የእሷን ቢጤ ቦም ሶጊ ይሏታል፣ የነብር አቋቋም። የመጨረሻዋ የአንድ እግር አቋቋም ናት፤ መቶ ከመቶው አንድ እግር ላይ ነው። ሃምሳ፣ ሰባ፣ ዘጠና፣ መቶ እያለ አንድ ክብደት በአንድ መንገድ ላይ ሲጓዝ ተመለከታችሁት? ጀማሪ እንደ ሥዕል አንድ በአንድ የሚሸመድዳቸው አቋቋሞች የዚህ ጉዞ ማረፊያዎች ናቸው።

ጄኔራል ቾይ ካሰናዷቸው 24 ቱሎች የመጀመሪያዋን፣ ቾንጂን፣ ያዩ ሰዎች አሁን በአዲስ ዓይን ይዩአት። ቱል የሚባለው ሐሳባዊ ተቃራኒን እያሰቡ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠሩት እንቅስቃሴ ነው። ቾንጂ 19 እንቅስቃሴ አላት፤ አቋቋሞቿ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ ጉኑን ሶጊና ኒውንጃ ሶጊ። የመጀመሪያዎቹ 8 በሙሉ በመራመድ አቋቋም ይሠራሉ። ከዘጠነኛው ጀምሮ ኤሏ ትገባለች። ቀረብ ብለን ዘጠነኛውንና አሥረኛውን እንያቸው። ዘጠነኛው በኒውንጃ ሶጊ ቆሞ በክንድ መከላከል ነው። አሥረኛው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ በጉኑን ሶጊ ደረት ላይ ቡጢ።

ክብደቱን ተከተሉት። ስትከላከሉ ጥቃቱ ከፊት እየመጣ ስለሆነ ሰባ ከመቶው ሸሽቶ ኋላ ተቀምጧል፤ ለጠላት የተተወለት ትንሹ ነው። ከዚያ ለመምታት የሚራመደው የትኛው እግር ነው? የኋላው! ያ ሰባውን የተሸከመው። እሱ እንዲነሳ ሆድ ያንን ረጅም መንገድ ወደ ፊት መጓዝ ግድ ይሆንበታል፤ እግሩ አልፎ ፊት ላይ ሲያርፍ መላው ሰውነት አብሮ ደርሷል፣ ቡጢውም በዚያች ቅጽበት ያርፋል። በእጅ ብቻ የሚመታና በስድሳ ኪሎ የሚመታ ሰው አንድ አይደለም። ቾይ የኀይል ምንጭ ብለው ከጻፏቸው 6 ነገሮች መካከል ሚዛንም፣ ክብደትም አሉበት፤ ሁለቱ በዚህች አንዲት እርምጃ ውስጥ እንዴት እንደተቃቀፉ ተመልከቱ!

አንድ ጥያቄ እንደምታነሱ አውቃለሁ፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። «ኦሎምፒክ ላይ እንዲህ ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው አላየንም፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ይነጥራሉ።» እውነት ነው። ቶኪዮ ላይ ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በ58 ኪሎ ሲጋጠም ያየ ሰው ጉኑን ሶጊ አላየም። ግን ያችኑ የግድግዳ ሕግ ይዛችሁ እዩት። በዚያ ውድድር ደንብ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ደረትና ሆድ አካባቢ ያረፈ ርግጫ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ 3 ያስገኛል፤ በመዞር የተመታ ከዚያም በላይ ነው። ጨዋታው የእግር ጨዋታ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም እግር በማንኛውም ሰዓት መነሳት መቻል አለበት። እንዴት? እግሮቹን በመጠኑ ማቀራረብ፣ ክብደቱን መካከል ማድረግ፣ ተረከዝን ቀለል ማድረግ። መንገዱ አጭር ስለሆነ ግማሹም አጭር ነው፤ ሆድ ወደ የትኛውም እግር በአንድ ነጠላ ዝላይ ይደርሳል። ዋጋውም አለ፦ ማቶቱ ጠባብ ነው፣ በጽኑ ከተገፋ ይንገዳገዳል። ያንን ዋጋ አውቀው ነው የሚከፍሉት። ሕጉ ያው፣ ምርጫው ሌላ! ሰፊውንና ዝቅተኛውን አቋቋም የተማረ ልጅ ክብደቱ የት እንዳለ በሰውነቱ ያውቃል፤ ጠባቡ ላይ ሲነጥር የሚጠቅመውም ይኸው ዕውቀት ነው።

ቤት ለምትሞክሩት አንድ ምክር አለኝ። ጉልበታችሁ ሁልጊዜ ጣታችሁ ወደሚያይበት አቅጣጫ ይታጠፍ፤ ወደ ውስጥ የሚወድቅ ጉልበት በጊዜ ብዛት ይታመማል። ጉልበት የሚያማችሁ ደግሞ ብዙ ዝቅ አትበሉ፤ የክብደቱን ጉዞ ከፍ ብሎም መስማት ይቻላል።

አሰልጣኞች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ነጭ ቀበቶ ያሰረ ልጅ ክለብ በገባበት በመጀመሪያው ቀን «እንዲህ ቁም» ብላችሁ አትለፉት። ግድግዳ ጋ ወስዳችሁ እግሩን እንዲያነሳ ጠይቁት፣ በሁለት ጣት ገፍታችሁ አሳዩት፣ ከዚያ ሰባ ሠላሳውን ንገሩት። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ማንም ሳይጮህበት ተረከዙን መሬት ላይ ያስቀምጣል።